ጫጫታ የሞላበት የቢንጎ ብራንች፦ 90፣ 75 ወይስ የዘፈን ቢንጎ?

አንድ ዙር ቢንጎ ከስምንት ደቂቃ ካለፈ ሰው ስልኩን ያወጣል። ከሁለት ደቂቃ ካነሰ ደግሞ እንግዳው ወንበሩን ሳያደላድል ሌላው ጮኾ ሽልማቱን ታቅፎ ይሄዳል። በብራንች፣ ማለትም ቁርስና ምሳን ባጣመረው የረፋድ ማዕድ፣ ቅዳሜ ላይ እየተበላ፣ እየተጠጣና ወንበር ላይ ቆሞ እየተጨፈረ የሚጫወቱትን ቢንጎ ለማዘጋጀት ወይም ለመምረጥ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያሰላው ይህን ነው። ዲጄውና ፊኛው ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ጨዋታውን ለማያውቅ፦ ጠሪው ቁጥር እያወጣ ይጠራል፣ ተጫዋቹ ቁጥሩን ካርቴላው ላይ ካገኘው ያቀልመዋል፣ የተባለውን መስመር ወይም ካርቴላ ቀድሞ የሞላ «ቢንጎ!» ብሎ ይጮሃል።

ድግሱ እንዲህ ባለ መልኩ የገነነው ብሪታንያ ውስጥ ነው። እዚያ ቢንጎ ለረጅም ጊዜ የእናቶችና የአያቶች መዋያ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1960ው የውርርድና የጨዋታ ሕግ መንገድ ከከፈተ በኋላ ተመልካች ያጡ ብዙ ሲኒማ ቤቶች የቢንጎ አዳራሽ ሆኑ። ወጣቱ ዘግይቶ መጣና ጨዋታውን ከዳንስ ቤት ጋር አጋባው። ከእነዚህ መካከል ስሙ በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ሊቨርፑል የተጀመረው ቦንጎስ ቢንጎ ነው። ረጃጅም የጋራ ጠረጴዛዎች፣ በቁጥሮች መሃል የሚፈነዳ ሙዚቃ፣ ከዚያም እንደ ሄንሪ ያለ ሽልማት፦ ሄንሪ ዓይንና ፈገግታ የተሳለበት ቀይ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ነው። የሚገርመው ሰው ለዚህ መጥረጊያ የሚጮኸውን ያህል ለገንዘብ አይጮህም። ለምን እንደሆነ ሽልማቱ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ትኬት ገዝቶ ለሚሄድ

ሁሉም «ቢንጎ» ስለሚባል ሰው በስሙ ይሳሳታል። እንደ ሜካና በዝ ያሉት የብሪታንያ የቢንጎ አዳራሾች በመደበኛው ክፍለ ጊዜያቸው ጸጥታ የሰፈነባቸው ናቸው። ጠሪው በሁለትና በሦስት ሰከንድ ልዩነት ቁጥሩን ያወርደዋል፤ በመሃል የሚያወራ ሰው ከጎን ጠረጴዛ ይገሠጻል። ሽልማቱ ገንዘብ ነው፣ የሚጫወቱትም ከልባቸው ነው። አሥር ሆናችሁ ለልደት እየተሳሳቃችሁ ብትገቡ የእናንተም ቀን የእነሱም ቀን ይበላሻል።

የጭፈራው ቢንጎ የተለየ ነገር ነው። ከ18 ዓመት በታች አይገባም፣ ጠሪው ይሳደባል፣ ቀልዱ ከወገብ በታች ነው። ትኬት በየግላችሁ ከገዛችሁ በተለያየ ጠረጴዛ ልትበተኑ ትችላላችሁ፤ አንድ ሰው የሁሉንም በአንድ ጊዜ ይግዛ። ምግቡ ብዙ ጊዜ በትኬቱ ውስጥ የለም።

ሦስተኛው የድራግ ብራንች ነው፤ በአሜሪካ ከተሞች በጣም የተለመደ ሲሆን እንደ ሴት የለበሱና የተኳሉ ተዋናዮች ጨዋታውን ይመራሉ። የሚጫወቱት ከ1 እስከ 75 ባሉ ቁጥሮች ነው፣ ምግቡ በሳህን ይቀርባል። ከመድረኩ ፊት ያለው ጠረጴዛ ለቀልዱ ጥሬ ዕቃ ስለሚሆን ዓይን አፋር ሰው ካላችሁ ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ለተዋናዮቹ በእጅ የሚሰጥ ጉርሻ ስላለ የአንድ ዶላር ኖቶች ዘርዝራችሁ ግቡ። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ መጠጡ ያለገደብ ነው ሲባል አብዛኛውን ጊዜ 90 ደቂቃ ማለት ነው፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከቦታ ማስያዣችሁ ሰዓት ስለሆነ ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚያረዝምለት የለም።

ዕድሜያችሁ ተቀራራቢ የሆነ ስድስት ሰባት ጓደኛሞች ከሆናችሁ የጭፈራውን ምረጡ፤ ራሳችሁ ብታዘጋጁት ያንን ስሜት አታገኙትም። እናት፣ አጎት፣ ልጆችና የማኅበር ሰዎች አብረው የሚውሉ ከሆነ ግን ከሦስቱም አንዱም አይሆናችሁም። ራሳችሁ አዘጋጁት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ 60 እንግዳ ታስቦ የተሰላ ነው።

ሦስቱ ጨዋታዎች

የብሪታንያው ባለ 90 ነው። ካርቴላው 3 ረድፍና 9 ዓምድ አለው፤ በየረድፉ 5 ቁጥር፣ በጠቅላላው 15 ቁጥር። ስድስት ካርቴላ በአንድ ወረቀት ላይ ተያይዞ ሲታተም ከ1 እስከ 90 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ይገኙበታል። ስድስቱን የያዘ ሰው እያንዳንዱ የተጠራ ቁጥር አንድ ቦታ አለው፤ እጁ ሥራ አይፈታም። በአንድ ዙር ሦስት ሽልማት ይወጣል፦ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ ሙሉ ካርቴላ። 60 ሰው አንድ አንድ ካርቴላ ብቻ ይዞ ቢጫወት ሙሉው የሚዘጋው ወደ 69ኛው ቁጥር አካባቢ ነው። ስድስት ስድስት ቢይዙ ወደ 62 ይወርዳል። በሰባት ሰከንድ አንድ ቁጥር ቢጠራ (ቀልድ ካለ ከዚህ አይፈጥንም) 62 ቁጥር ከሰባት ደቂቃ በጥቂት ይበልጣል።

ባለ 75ቱ የአሜሪካው ነው። 5 በ5 ሆኖ ቢ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኦ በሚሉ ፊደላት ሥር 15 15 ቁጥር ይመደባል፤ ቢ ከ1 እስከ 15፣ አይ ከ16 እስከ 30፣ እያለ እስከ 75። መሃሉ ነጻ ስለሆነ የሚሞላው 24 ነው። የዚህ ጥቅሙ ቅርጽ መቀያየር መቻሉ ነው፦ አንድ መስመር፣ አራት ማዕዘን፣ ኤክስ፣ ሙሉ። በ60 ካርቴላ መስመር የሚዘጋው ወደ 17ኛው ቁጥር ላይ ነው፤ ይህ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። ሙሉው ደግሞ ወደ 64፣ ማለትም ሰባት ደቂቃ ተኩል። ሰዓት ከሄደባችሁ ቀጣዩን ዙር «መስመር ብቻ» ብላችሁ ታሳጥሩታላችሁ። በ90 ላይ ይህ አይመችም፤ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሽልማት ስለሚጠብቅ ያጉረመርማል።

ፊደሉ ሌላም ጥቅም አለው። ቁጥር በአማርኛ የሚጠራ ከሆነ ስልሳና ሠላሳ፣ ሰባትና ሰባ በጫጫታ ውስጥ አይለዩም። በ75 ላይ ሠላሳ «አይ» ነው፣ ስልሳ «ጂ»፤ ሰባት «ቢ»፣ ሰባ «ኦ»። ፊደሉን የሰማ ሰው አይሳሳትም። በ90 ላይ ይህ እርዳታ ስለሌለ ጠሪው «ስድስትና ዜሮ፣ ስልሳ» እያለ አሃዙን መዘርዘር አለበት። እንግሊዞቹም ለአሥራዎቹና ለአሥሮቹ (ሰርቲንና ሰርቲ፣ 13ና 30) ተመሳሳይ ችግር ስላለባቸው ይህንኑ ያደርጋሉ።

ቢንጎ ተጫውቶ የማያውቅ እንግዳ ከበዛ 75ን ምረጡ። በሁለት ደቂቃ ይገባቸዋል። እንግሊዝ ሀገር የኖሩ፣ ብዕር ይዘው ስድስት ካርቴላ በዓይን መከተል የለመዱ ሰዎች ከሆኑ 90 ይጣፍጣል። ነገር ግን ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ስድስቱን የሚከታተል ሰው ይመናመናል፤ የሞላ ካርቴላ ይዞ ሳያውቅ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚገኘውም ያን ጊዜ ነው።

የዘፈን ቢንጎ በቁጥር ፈንታ ዘፈን ነው። 4 በ4 የሆነ ባለ 16 ክፍል ካርቴላና የ40 ዘፈን ዝርዝር ይበቃል። ዲጄው ከእያንዳንዱ 30 ሰከንድ ያሰማል። በ60 ካርቴላ መስመር በዘጠኝ ዘፈን ገደማ ይዘጋል። ሙሉው ግን ወደ 32 ዘፈን ስለሚፈልግ 16 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰው ስለሚዘፍን እንጂ በቁጥር ቢሆን ማንም አይታገሠውም። ስለዚህ በድግሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቢቻል ከምግብ በኋላ ሰው ድብት ሊለው ሲል አስገቡት።

በአማርኛ ዘፈን ሲሆን የሚበላሽበት ቦታ አንድ ነው። ካርቴላው ላይ የዘፈን ርእስ አትጻፉ። «ትዝታ» ብላችሁ ብትጽፉ የማን ትዝታ? ሰው ዜማውን ያውቀዋል፣ ዘፋኙን ያውቀዋል፣ ርእሱን ግን አያውቅም። የዘፋኙን ስም ጻፉ፣ ከአንድ ዘፋኝም ከአንድ ዘፈን በላይ አትውሰዱ። ዝርዝሩን ደግሞ በዕድሜ ክፈሉት፦ ከ40ው ቢያንስ 15ቱ የወላጆች ዘመን፣ 15ቱ የአሁን፣ የቀረው ማንም ሰው ከመቀመጫው የሚነሣበት ጉራጊኛና መሰሉ። ዲያስፖራ ያደጉ ልጆች ከአሮጌዎቹ አንዱንም ላያውቁ ይችላሉ። የዘፈን ካርቴላ ሲጫወቱ ከወላጅ ጋር ጥንድ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው፤ እናት ትለያለች፣ ልጅ ያቀልማል።

ጠሪው

ጨዋታውን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም ጠሪው ነው። ለድምፁ ማማር ብላችሁ አትምረጡት። ሰው ሲያፏጭበት የማይደነግጥ፣ በትንሽ ነገር የማይቆጣና ቀልዱን አቋርጦ ወደ ቁጥሩ መመለስ የሚችል ሰው ይሁን። ከዲጄው ጋር አንድ ስምምነት ብቻ ያስፈልገዋል፦ ጠሪው እጁን ሲያነሣ ሙዚቃው ዝቅ ሳይል ጭራሽ ይጥፋ። ከቁጥር ሥር የሚመታ ከበሮ ካለ ከኋላ የተቀመጠው ግማሽ አዳራሽ «ስንት አለ?» ማለት ይጀምራል፤ አንዴ ከተጀመረ ደግሞ አይቆምም።

የእንግሊዝ ጠሪዎች ለቁጥሮቹ ቅጽል ስም አላቸው። 22 ሁለት ትንንሽ ዳክዬ ይባላል፣ አሃዙ ዳክዬ ስለሚመስል፤ አዳራሹ ሁሉ እንደ ዳክዬ ይመልሳል። 11 ሁለት እግር ስለሚመስል ይፏጭለታል። የእነሱን መተርጎም አያስፈልግም፤ የኛ ቁጥሮች ራሳቸው ታሪክ አላቸው። 22 ሲጠራ «ሃያ ሁለት ማዞሪያ!» ይበል፣ ሕዝቡ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይመልስ። 4፣ 5 እና 6 ኪሎ አላቸው። በ90 ላይ 88 ዓድዋ ነው፤ ማስረዳት አይፈልግም፣ ጭብጨባው ራሱ ይመጣል። 80 ደግሞ «የኮንዶሚኒየም ቁጥር»፤ መልሱ በአንድ ድምፅ «አልደረሰኝም!»። ታቦትና መጽሐፍ የሚያነሡትን ቁጥሮች መጠጥ ያለበት ቦታ ላይ ተዉአቸው።

ማስጠንቀቂያ አለ። ሁለተኛ ቁጥር ያለበት ቅጽል አይጠራም። «ሃያ ሰማንያ» ብሎ 80ን የጠራ ሰው ግማሹን አዳራሽ 20 ያስቀልማል። ቅጽሉ መጀመሪያ፣ አሃዙ ቀጥሎ፣ ሙሉ ቁጥሩ መጨረሻ ይምጣ፦ «የኮንዶሚኒየም ቁጥር፣ ስምንትና ዜሮ፣ ሰማንያ።» ቅጽልም ለሁሉም ቁጥር አያስፈልግም። አምስት ስድስት ብቻ ይኑሩና ሕዝቡ መልሳቸውን ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይለማመድ። ለሁሉም ከሰጣችሁ ሰባቱ ሰከንድ አሥራ አምስት ይሆናል፣ የሰባት ደቂቃው ዙርም አሥራ ስድስት።

የሚሽከረከር የሽቦ ሣጥን ቁጥር ከተጻፈባቸው ኳሶቹ ጋር ወይስ በኮምፒውተር የሚወጣ ቁጥር? ሣጥኑ ይታያል፣ ሰው ያምነዋል፣ ሕፃን ጠርቶ ማሽከርከር ይቻላል። ጉዳቱ አንድ ኳስ ሶፋ ሥር ከገባ ያን ቁጥር የያዘ ካርቴላ በጭራሽ አይሞላም፤ ይህን ማንም የሚያውቀው ዙሩ ሲያልቅ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ኳሶቹን ቁጠሩ። ኮምፒውተሩ ግን የተጠሩትን ቁጥሮች ሁሉ በፕሮጀክተር ያሳያል፣ መጸዳጃ ቤት ሄዶ የተመለሰ ሰውም አይጠፋበትም። ከ40 ሰው በላይ ካላችሁ ሰሌዳው ግዴታ ነው። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፦ ከሣጥኑ ይወጣል፣ አንድ ረዳት ኮምፒውተሩ ላይ ይጫነዋል።

ካርቴላና ቀለም

አሥር ዙር ለ60 ሰው 600 ካርቴላ ነው። ሁለት ሁለት በኤ4 ብታትሙ 300 ወረቀት ይሆናል። ከኢንተርኔት የሚያወጣ ነጻ ፕሮግራም ተጠቀሙ እንጂ አንድ ፋይል ደጋግማችሁ አታትሙ። 30 የተለያየ ካርቴላ ሁለት ሁለት ጊዜ የታተመ እንደሆነ በየዙሩ ሁለት አሸናፊ ይኖራችኋል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሽልማቱ ግን አንድ ነው። በእያንዳንዱ ላይ መለያ ቁጥር ይኑር። አንድ ሰው «ቢንጎ!» ሲል ረዳቱ መለያውን ያነባል፣ ጠሪው ኮምፒውተሩ ላይ ያመሳክራል፤ መለያ ከሌለ ሃያ አራቱን ቁጥር አንድ በአንድ ማንበብ ነው፣ ያን ጊዜ ሙቀቱ ይበርዳል።

ኢንክጄት ላይ የታተመ ካርቴላ እርጥብ ቀለም ሲነካው ቁጥሩ ይፈስሳል፤ በሌዘር አሳትሙ። ዳበር የሚባለው ባለ ስፖንጅ ወፍራም ቀለም ለቢንጎ የተሠራ ነው፣ አንዴ ቀጥ አድርጎ መንካት ይበቃል። የሚጫነው ሰው ቀለሙን ያፈስሰዋል፣ በተለመደው ስስ ወረቀት ላይ ደግሞ ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ይዘልቃል። ካርቴላውን በመጽሐፍ መልክ የምትሰፉ ከሆነ ወፈር ያለ ወረቀት ይሁን፤ በስስ ወረቀት ከሆነ በየዙሩ አንድ አንድ እያደላችሁ ስጡ። ለ60 ሰው 70 ዳበር ግዙ። ነጠላና የሐበሻ ልብስ ለብሶ የሚመጣ እንግዳ ካለ ግን ለዚያ ጠረጴዛ ተራ እስክሪብቶ አስቀምጡ። የዳበር ቀለም ከጥልፍ ላይ አይለቅም።

ምግቡ

አንድ እጅ ቀለም ይዟል፤ ምግቡ ለቀረው እጅ መሆን አለበት። ፍርፍር የብራንች ንጉሥ ቢሆንም እዚህ ጠላት ነው። በርበሬና ዘይት የነካው ጣት ካርቴላውን ሲይዝ ወረቀቱ ይቀባል፣ ቅባት ላይ ደግሞ የውኃ ቀለም አይዝም፣ ስለዚህ የተጠራው ቁጥር የተቀለመ ይሁን ያልተቀለመ አይታወቅም። ፍርፍሩን ጨዋታው ሳይጀመር አቅርቡና ሳህኑን ሰብስቡ። ጨዋታው መሃል ላይ በማንኪያ ወይም በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ ይሁን፦ ቂንጬ በኩባያ፣ ጨጨብሳ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ከነማንኪያው፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ በእንቁላል፣ የተቆረጠ ፍራፍሬ። ለአንድ ሰው ሦስት ሳምቡሳ ይበቃል። በየጠረጴዛው እርጥብ ማጽጃ ይኑር።

ምግብ በቤታችሁ ሠርታችሁም ሆነ በሆቴል አስይዛችሁ ቀኑን አስቡ። ዓቢይ ጾም ውስጥ ከገባ ቅዳሜና እሁድም ቢሆን ቅቤና እንቁላል ለጾመኛው አይሆንም፤ ጨጨብሳው በዘይት፣ ፍርፍሩ የጾም ይሆናል። ከዚህም በላይ በጾም ጭፈራ የማይሄድ ሰው ብዙ ስለሆነ ከተቻለ ወደ ፋሲካ ማግሥት ግፉት። በብሪታንያ ብራንች ላይ ቤከን እንደ ጨው የተለመደ ነው፤ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ስለማይበላው ከዝርዝሩ አስወጡት።

ሰዓቱን በግብዣው ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፦ «ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ በፈረንጅ 11»። 5 ብቻ ከጻፋችሁ አንዳንዱ በፈረንጅ ቆጥሮ ማታ ይመጣል። በር 11 ሰዓት ተከፍቶ ምግቡ ያን ጊዜ ይቅረብ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ግን 11፡45 ይጠራ፤ የሐበሻን ቀጠሮ ታውቁታላችሁ። ከዚያ 45 ደቂቃ ጨዋታ፣ 30 ደቂቃ ዳንስና ጣፋጭ፣ እንደገና 45 ደቂቃ። በአንዱ 45 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አጭር ዙር (መስመር ብቻ፣ ማመሳከሩና የሽልማቱ ጨዋታ ተጨምሮ አምስት አምስት ደቂቃ) እና ሁለት ረጅም ዙር (መጀመሪያ መስመር፣ በዚያው ካርቴላ ላይ ሙሉ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ደቂቃ) ይገባል። በአጠቃላይ 14 ሽልማት ያስፈልጋችኋል።

ገንዘብና ሽልማት

ብሪታንያ ውስጥ ለማኅበር ወይም ለበጎ ሥራ የሚደረግ፣ ማንም ለግሉ የማያተርፍበት ጨዋታ ያለ ፈቃድ ይፈቀዳል። የ2005ቱ የቁማር ሕግ የሚያስቀምጠው ጣሪያ አንድ ሰው በቀን ለጨዋታው የሚከፍለው ከ8 ፓውንድ እንዳይበልጥ፣ የሽልማቱ ድምር ደግሞ ከ600 ፓውንድ እንዳያልፍ ነው። ስለዚህ የምግቡን ዋጋና የጨዋታውን ዋጋ ትኬቱ ላይ ለይታችሁ ጻፉ። በአሜሪካ ሕጉ በየግዛቱ ይለያያል፤ በጥቅሉ ክፍያ፣ ዕድልና ሽልማት ሦስቱ ሲገናኙ ነገሩ ቁማር ስለሚሆን ለምግቡ ብቻ አስከፍሎ ካርቴላውን ለማንም በነጻ ማደል ራስ ምታት ይቀንሳል። ቁማር የማይነካ እንግዳም በዚህ መንገድ ቢቀልለው አይገርምም።

አሁን ወደ ሄንሪ እንመለስ። ሽልማቱ መቶ ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ ሲሆን ሰው አፉን ይዘጋል፣ ካርቴላውን በክንዱ ይከልላል፣ «ቢንጎ ቀድሜ ያልኩት እኔ ነኝ» የሚል ክርክር ይነሣል። ሽልማቱ ባለ 20 ኪሎ የሽንኩርት ጆንያ ሲሆን አዳራሹ ይጮሃል፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም እኩል ይስቃል። የሽልማቱ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ጭፈራው ዝቅ ይላል። ውድ ነገር ከፈለጋችሁ አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም በመጨረሻው ዙር።

ጥሩ የቀልድ ሽልማት ከመድረክ ላይ ሲነሣ ከኋላ ወንበር ይታያል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፣ ወደ ቤት ለመውሰድም ያስቸግራል። ቢጫ ጀሪካን በሪባን ታስሮ። ለሠርግ የሚሆን ሰታቴ። ድግሱ የሠርግ ከሆነ የሙሽራው ቁመተ ሙሉ የካርቶን ምስል። በአየር የሚነፋ ሮዝ ወፍ። አሥራ ሁለት ጥቅል የመጸዳጃ ወረቀት «የዓመት ቀለብ» ተብሎ። የሰው ቁመት የሚያህል የቆሎ ከረጢት። ብርጭቆ፣ ሻማና ሽቶ ግን አትግዙ፤ ስጦታ ይመስላሉ፣ ስጦታ ደግሞ ምስጋና እንጂ ጩኸት አያመጣም። ሕይወት ያለው ነገር፣ ዶሮም ቢሆን፣ ሙዚቃ ባለበት ቤት አይገባም።

ሳይሞላ የሚጮኽ ሰው ይኖራል። ቅጣቱን ቀድማችሁ ንገሩ፦ ወንበር ላይ ቆሞ ዙሪያውን ይሰደባል፣ የዚያ ዙር ካርቴላውም ይወረሳል። ይህ ካልተባለ በሦስተኛው ዙር ለጨዋታ ብሎ የሚጮኸው ይበዛና ማመሳከሩ ሰዓቱን ይበላዋል። ሁለት ሰው በአንድ ቁጥር እኩል መዝጋቱም በአሥር ዙር ውስጥ አንዴ ቢያጋጥም አይግረማችሁ። ሽልማቱን አትክፈሉ፤ ሁለቱን መድረክ ላይ አውጥታችሁ 30 ሰከንድ እስክስታ አስመቷቸውና አዳራሹ በጭብጨባ ይዳኝ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ደግሞ ሌላ አማራጭ ያዙ፤ ከሣጥኑ አንድ አንድ ኳስ ያውጡ፣ ትልቁ ያሸንፋል።

መውጫው በር አጠገብ ገመድ፣ መቀስና ትልልቅ ፌስታል አስቀምጡ። ሰታቴና ጆንያ ያሸነፉት ሰዎች በባቡር ነው የመጡት።